የጥጃው ደም ከየት ይመጣል? እድገት፣ መኖና ቀይ የደም ሴል በደጋው ጎጃም

በጎዛምን ወይም በማቻከል የሀገረሰብ ላም የወለደችው ጥጃ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ደም ከሰውነት ክብደት 7 በመቶ ያህሉን ስለሚይዝ በዚህ ጥጃ ሥሮች የሚዞረው ደም ሁለት ሊትር አይሞላም። ጥጃው አድጎ 75 ኪሎ ሲገባ ደሙ ከአምስት ሊትር ያልፋል። የተጨመረው ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ነው። በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 100 ግራም ገደማ ሄሞግሎቢን አለ፤ በእያንዳንዱ ግራም ሄሞግሎቢን ውስጥ ደግሞ 3.4 ሚሊ ግራም ብረት። ሲባዛ ወደ 1,200 ሚሊ ግራም ብረት ይመጣል። የላም ወተት ግን በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም ብረት ቢኖረው ነው። ለጥጃው በቀን ሦስት ሊትር ወተት ደረሰው ብንል እንኳ በስምንት ወር ውስጥ የሚያገኘው 360 ሚሊ ግራም ብረት ብቻ ነው፣ ያውም አንድም ሳይባክን ሁሉም ወደ ደሙ ከገባ። የሀገረሰብ ላም በቀን ሁለት ሊትር ያህል ብቻ እንደምትሰጥ፣ ከዚያም ላይ የቤተሰቡ ድርሻ እንደሚታለብ የሚያውቅ ሰው ሦስት ሊትር ማለት ትልቅ ልግስና መሆኑን ይረዳል። ታዲያ የቀረው ብረት ከየት መጣ?

ከሣሩና ከአፈሩ ነው። ጥጃ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሆነው ሣር መቀንጠብ ይጀምራል። ከሣሩ ጋር አቧራ ይገባል፤ ግድግዳ ይልሳል፣ መሬት ይልሳል። ቀዩን የጎጃም አፈር ቀይ ያደረገው ብረት ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሣር ውስጥ 100 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ብረት ሊገኝ ይችላል፤ የጥጃው አንጀት ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ቢወስድ እንኳ ወተቱ ያጎደለው ይሟላል። ስለዚህ መስክ የሚውል ጥጃ ብረት አጥሮት ደሙ ሲያንስ ማየት ብርቅ ነው።

ይህን ስሌት ከሁሉ ያስቀደምኩት ከብት ሲገረጣ የብዙዎቻችን አሳብ ቶሎ ወደ ብረትና ወደ ቫይታሚን መርፌ ስለሚሮጥ ነው። ገበሬውም ወደ ክሊኒክ ሲመጣ «ደሙ አልቋልና መርፌ ውጉልኝ» ይላል። ስለ እንስሳት ደም ባለፉት መቶ ዓመታት የተጻፈውን ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ የአየር ጠባይ፣ መኖና በሽታ ጋር ሳስተያየው የምደርስበት ፍርድ ሌላ ነው። በዚህ አገር የከብትና የበግ ደም የሚያንሰው በአብዛኛው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። እንስሳው በፍጥነት የሚያድግበት ዕድሜ ላይ ይሆናል፤ መኖው ፕሮቲን የሌለው ገለባ ይሆናል፤ ሆዱ ወይም ጉበቱ ውስጥ ደም የሚመጥ ትል ይኖራል። አንዱ ብቻ ቢመጣ እንስሳው ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ሦስቱ የሚገናኙት ደግሞ በየዓመቱ፣ በታወቀ ወቅት ነው።

ቀይ የደም ሴል የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ ሥራውን የሚያዘው ኩላሊት ነው። ለኩላሊት የሚደርሰው ኦክስጅን ሲያንስ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ይህ ሆርሞን መቅኔው ዘንድ ሲደርስ የሴሉ ምርት ይፋጠናል። ትእዛዙ ከኩላሊት እንደሚወጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 ሊዮን ጃኮብሰንና ዩጂን ጎልድዋሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር በቺካጎ ባካሄዱት ምርምር ነው። የሥራው ብዛት ያስደንቃል። 250 ኪሎ የሚመዝን የእርሻ በሬ ወደ 17 ሊትር ደም አለው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ስድስት ሚሊዮን ቀይ ሴል ቢኖረው፣ የአንዱም ሴል ዕድሜ 150 ቀን ያህል ቢሆን፣ ያረጀውን ለመተካት ብቻ በየሴኮንዱ ወደ ስምንት ሚሊዮን አዲስ ሴል መሠራት አለበት። በሬው ቆሞ ሲያመሰኳም ይህ ሥራ አይቋረጥም።

እንስሳት በዚህ አንድ አይደሉም። የፍየል ቀይ ሴል ከቤት እንስሳት ሁሉ ትንሹ ሲሆን ስፋቱ ከሰው ሴል ግማሽ ያህል ነው፤ በብዛቱ ግን ማንም አይደርስበትም። የዶሮ ቀይ ሴል ሞላላ ነው፣ አስኳልም አለው፤ ዕድሜው አንድ ወር ያህል ብቻ ስለሆነ የመኖ ጉድለት በዶሮ ደም ላይ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ፈረስ ደግሞ ከቀይ ሴሉ ከፍ ያለ ድርሻ በጣፊያው ያከማቻል። ሲደነግጥ ወይም ሲጋልብ ጣፊያው ይኮማተርና ያን ሁሉ ሴል ወደ ደም ሥር ይለቃል። በጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሲጋልብ የዋለ ፈረስ ደሙ ቢመረመር ከእውነቱ የወፈረ ሆኖ ይታያል፤ በጋጣው ተረጋግቶ ሲቆም የተቀዳው ነው ትክክለኛው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ያላወቀ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞም ይሳሳታል።

የመኖና የደም ዝምድና ታሪክ የሚጀምረው ከወተት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን ወተት ብቻ እየመገቡ ደም አሳነሷቸው። ብረት ጨመሩላቸው፤ አይጦቹ አልዳኑም። በ1928 ጥቂት መዳብ ሲጨመርበት ግን ደማቸው ተመለሰ። ብረት ብቻውን ደም እንደማይሠራ ከዚያ ወዲህ የታወቀ ነገር ነው። በሮቸስተር ደግሞ ጆርጅ ዊፕል ውሾችን ደም እያፈሰሱ የትኛው ምግብ ደማቸውን ቶሎ እንደሚመልሰው ለዓመታት ፈተኑ፤ ጉበት ከሁሉ በለጠ። በዚህ ሥራቸው በ1934 ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ታሪክ ነው። በእነዚህ አገሮች አንዳንድ መስኮች ላይ የሚሰማሩ በጎችና ከብቶች ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ ሳለ ይከሱ፣ ይገረጡ፣ ይሞቱ ነበር። በኒውዚላንድ ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ የብረት እጥረት ነው ተብሎ ታመነ። ሊሞናይት የሚባል የብረት ድንጋይ እየተፈጨ ለከብቶቹ ተሰጠ፤ እውነትም ብዙዎቹ ዳኑ። ሆኖም ከአንዱ ቦታ የመጣው ድንጋይ ሲያድን ከሌላው የመጣው አያድንም ነበር። በምዕራብ አውስትራሊያ ኤሪክ አንደርዉድና ፊልመር የተባሉት ተመራማሪዎች ብረቱን ከድንጋዩ አውጥተው የቀረውን ብቻ ሰጡ። በጎቹ ዳኑ! በ1935 ገደማ ምስጢሩ ተገኘ፤ ያዳናቸው ከብረቱ ጋር ተቀላቅሎ የነበረው ኢምንት ኮባልት ነበር። በ1948 ቫይታሚን ቢ 12 ተነጥሎ ሲወጣ በመካከሉ ኮባልት ተቀምጦ ተገኘና ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። በሚያመሰኩ እንስሳት ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ደቂቅ ነፍሳት ኮባልት ካገኙ ቢ 12 ራሳቸው ይሠራሉ፤ ካላገኙ እንስሳው በለምለም ሣር መካከል ይጠወልጋል። ብረት ተሰጥቶት የዳነ እንስሳ ብረት አጥሮት ነበር ብሎ መደምደም እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላውቅም። የእኛም የመርፌ ልማድ በዚህ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል።

ወደ እድገት ልመለስ። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ወፍራም ነው፤ በማሕፀን ሳለ ኦክስጅን በቁጠባ ስለሚደርሰው ብዙ ቀይ ሴል ይዞ ይመጣል። እንገሩን ሲጠባ የደሙ ውሃማ ክፍል ይጨምርና የሴሉ ድርሻ ይወርዳል። ከዚያም በማሕፀን የለበሰው የሄሞግሎቢን ዓይነት በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በአዋቂው ዓይነት ይተካል። አሮጌው ይፈርሳል፣ አዲሱ ይሠራል፣ ሰውነቱም በዚያው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጤነኛ ጥጃና ግልገል ደም ሲቀጥን ማየት የተፈጥሮ ሕግ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ከዚያ ዝቅታ መነሳት ሲያቅተው ነው። ዓለም ይህን ከሁሉ አብልጦ ያየው በአሳማ ግልገል ነው። በቀን ሰባት ሚሊ ግራም ብረት ይፈልጋል፤ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው አንድ ሚሊ ግራም ነው። በሲሚንቶ ወለል ላይ ያደገ የአሳማ ግልገል በተወለደ በሦስተኛው ቀን ግድም የብረት መርፌ ካልተወጋ ይገረጣል፤ አፈር እየቆፈረ ያደገ ግን መርፌ አያሻውም።

በእኛ አካባቢ አሳማ ማርባት ብዙም አልተለመደም፤ ሲሚንቶ ግን መጥቷል። በደብረ ማርቆስ ከተማ ግቢ ውስጥ የዲቃላ ላም ያላቸው ቤቶች ጥጃውን በጠባብ ጋጣ አስረው፣ በባልዲ ወተት እየሰጡ ያሳድጋሉ። የዲቃላ ጥጃ ከሀገረሰቡ ከብዶ ይወለዳል፣ ፈጥኖም ያድጋል፤ ደሙም በዚያው ልክ ፈጥኖ መስፋት አለበት። ነገር ግን አፈር አይልስም፣ ሣር ቶሎ አይቀርብለትም። መንስኤው በእውነት ብረት ማጣት ሊሆን የሚችለው በዚህ ጥጃ ላይ ነው። በአውሮፓ ነጭ ሥጋ ለማግኘት ጥጃን በወተት ብቻ የማሳደግ ልማድ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ሥጋውን ነጭ የሚያደርገው የብረት እጦት ራሱ ስለሆነ ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የጥጃው ሄሞግሎቢን ከተወሰነ ደረጃ እንዳይወርድ ያስገድዳል። ለከተማው አርቢ የምለው አጭር ነው፦ ጥጃው ሁለት ሳምንት ሲሞላው ጥሩ ድርቆሽ ከፊቱ ይቀመጥለት፣ ፀሐይና አፈር ባለበት ግቢም ይፈታ።

አሁን ወደ ገለባው። ከኅዳር እስከ ግንቦት የጎጃም ከብት ዋና መኖ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ፣ ወደ ወይና ደጋው ደግሞ የበቆሎ አገዳ ነው። የጤፍ ጭድ ከሌሎቹ ይሻላል ቢባልም ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። በመኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ የጨጓራው ደቂቅ ነፍሳት ራሳቸው ይራባሉ፤ ገለባው ሳይብላላ ይቆያል፣ እንስሳው ሆዱ ሞልቶ ይራባል። ሄሞግሎቢን ደግሞ ከሁሉ በፊት ፕሮቲን ነው፤ ብረቱ በክብደት ሲታይ የአንድ በመቶ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የዊፕል ላቦራቶሪ በኋለኛው ዘመን ያየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ፕሮቲን የተነፈገ ውሻ ደሙ ሲፈስ የገዛ ሥጋውን እያፈረሰ ሄሞግሎቢን መሥራቱን ይቀጥላል። ሰውነት ደምን ከሥጋ ያስቀድማል። በመጋቢትና በሚያዝያ ወገቡ የተቆለመመ፣ ታፋው የጎደለ በሬ ስታዩ የጎደለው ሥጋ አንዳንዱ ደም ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ረሃብ ግን ሌላም መንገድ አለው። በ1950ዎቹ የተራቡ አይጦች ቀይ ሴል መሥራት እንደሚቀንሱ፣ ኤሪትሮፖይቲን ሲሰጣቸው ግን መቅኔያቸው እንደገና እንደሚነሳ ታየ። መቅኔው አልሞተም፤ ትእዛዝ ነው ያጣው። ምክንያቱም የተራበ አካል ሥራውን ስለሚቀንስ የሚፈልገው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ይህ በበጋ የታሰረ በሬን አይጎዳውም። ጉዳቱ የሚመጣው ዝናብ ጠብ ሲል ነው። የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ በደሙ የቆጠበው በሬ ድንገት ቀንበር ይጫንበታል። በቀን ውስጥ ቶሎ ቆሞ ሲያለከልክ «ሰነፈ» ይባላል። እዚህ ላይ ለሐኪሞች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በደረቁ ወራት ውሃ የጠማው እንስሳ የደሙ ውሃ ስለሚቀንስ የሴሉ ድርሻ ከፍ ብሎ ይታያል። በሚያዝያ 28 በመቶ የተነበበ በሬ ጠግቦ ከጠጣ በኋላ ከ24 በታች፣ ማለትም ለከብት ከተለመደው ዝቅተኛ ልክ በታች ሊገኝ ይችላል።

አፈሩም መልካም ብቻ አይሠራም። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን ከምግባቸው የሚያገኙት ብረት ከሌላው ዓለም እጅግ የበዛ መሆኑን፣ ከዚህም ብዙው በአውድማ ላይ ከጤፉ ጋር የተቀላቀለ አፈር መሆኑን አሳይተው ነበር። በበሬ ኮቴ የተበራየው ጤፍ ፍሬው ለሰው ሲሄድ ጭዱ ከነአፈሩ ወደ በሬው ይመለሳል። ብረት የበዛበት መኖ ግን የመዳብን መግቢያ ያጠባል። መዳብ ያጣ እንስሳ ብረት ሞልቶት ሳለ ወደ መቅኔው ማጓጓዝ ይሳነዋል፤ የዊስኮንሲን አይጦች ያሳዩት ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ብረት መውጋት ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም።

የትሉን ነገር በሰፊው ልሂድበት፤ በዚህ አገር ከማንኛውም የመኖ ጉድለት ይልቅ ደም የሚጨርሰው እርሱ ነውና። ሄሞንከስ የሚባለው ትል በአራተኛው ጨጓራ ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያጠፋል። ትንሽ ይመስላል። ጡት የጣለ፣ 12 ኪሎ የሚመዝን የዋሸራ በግ ግልገል እንውሰድ። ደሙ ከ900 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። 1,000 ትል ቢኖርበት በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያጣል፤ በ18 ቀን ውስጥ ያለውን ደም ሁሉ የሚያህል ማለት ነው። መቅኔው ይህን ለመተካት ምርቱን ብዙ እጥፍ ማሳደግ አለበት። ግልገሉ ግን በዚያው ሦስት ወር ከልደት ክብደቱ አራት እጥፍ ስላደገ መቅኔው ቀድሞም ዕረፍት አልነበረውም። ትሉ ሙቀትና እርጥበት ስለሚወድ ከጮቄ ብርዳማ ከፍታ ይልቅ በወይና ደጋው፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይበረታል።

በጉን ያዙትና የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣት ዝቅ አድርጉት። ውስጡ እንደ በሰለ እንጆሪ ቀይ ከሆነ ደሙ ደህና ነው። ወደ ነጣ ሮዝ ሲሄድ አንድ አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ደሙ ሄዷል፤ ጭራሽ ነጭ ከሆነ ለሞት ቀርቧል። ቀጥሎም መንጋጋው ሥር እጃችሁን አስገቡ፤ ማታ ከግጦሽ ሲመለስ ውሃ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ካገኛችሁ የደሙ ፕሮቲንም አልቋል። በደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን የዓይን ምርመራ በአምስት ቀለም ካርድ አድርገው ፋማቻ ብለው ሰየሙት፤ 4ና 5 የወጡትን ብቻ ማከም መድኃኒትን ይቆጥባል፣ ትሉም መድኃኒቱን እንዳይለምድ ያደርጋል። ካርዱ ባይኖርም ጤነኛውንና የታመመውን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ብዙ ያስተምራል። በገበያችን በግ የሚገዛ ሰው ጥርስ ያያል፣ ወገብ ይዳብሳል፣ ላቱን ይመዝናል፤ ዓይን ቢገልጥ ገንዘቡን ያድን ነበር።

የጉበት ትል ሌላው ነው። በደጋው ጨፌና በምንጭ ዳር ትንሿ ቀንድ አውጣ ትረባለች፤ ትሉ በእርሷ ውስጥ አልፎ በሣር ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ሌላው መስክ በደረቀበት በበጋ ከብቱ ሁሉ ወደ ጨፌው ስለሚወርድ ብዙው በሽታ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በጉበት ውስጥ የደረሰ አንድ ትል በቀን ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሊያስወጣ ይችላል፤ ጉበቱንም ስለሚያቆስል ሰውነት ያከማቸውን ብረትና መዳብ ያናጋል። ሁሉም ሰው የሚገዛው አልቤንዳዞል የደረሰውን የጉበት ትል እንጂ ገና በጉበት ውስጥ የሚሄደውን ወጣት ትል እንደማይገድል መታወቅ አለበት፤ ለዚያ ትሪክላቤንዳዞል ያስፈልጋል። ከኩሬ በሚጠጣ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ የሚጣበቀውን አልቅት ገበሬው በትምባሆ ጭማቂ ሲያወጣ ኖሯል፤ አፍንጫው እየደማ የሚከሳ ከብት ሲገኝ ከሁሉ በፊት አፉን ከፍቶ ማየት ይገባል። ወደ ዓባይ ቆላ፣ በደምበጫና በጃቢ ጠህናን ዝቅተኛ ቦታዎች ደግሞ ገንዲ የሚባለው በሽታ አለ። ገንዲ ደም አይመጥም፤ የእንስሳው የገዛ መከላከያ ቀይ ሴሉን እያሳደደ እንዲያጠፋ ያደርጋል። እዚያ መኖ ማሻሻል ያግዛል እንጂ አያድንም፤ መድኃኒቱ የግድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በ1980ዎቹ በስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎችን ለሁለት ከፍለው እኩል የሄሞንከስ እጭ ሰጧቸው፤ አንዱ ወገን ፕሮቲን የበዛበት፣ ሌላው ፕሮቲን ያነሰበት መኖ በላ። ፕሮቲን ያነሳቸው ደማቸው እጅግ ወረደ፣ ከሱ፣ አበጡ፤ ፕሮቲን ያገኙት ግን ያንኑ ትል ተሸክመው ይበልጥ ተቋቋሙት። ይህን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። የእኛ ግልገል በቀን 400 ግራም የጤፍ ጭድ ቢበላ 16 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል። 200 ግራም የኑግ ፋጉሎ ቢጨመርለት፣ የፋጉሎው ፕሮቲን 30 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 60 ግራም ይጨመርለታል። ልዩነቱ እየተመጠጠ በሚያድግና እየተመጠጠ በሚሞት ግልገል መካከል ያለ ልዩነት ነው። ጎጃም ደግሞ የኑግ አገር ነው! ፋጉሎው ግን ቀድሞ የሚሄደው ለምትታለበው ላምና ለሚደልበው ሰንጋ ነው፤ ጡት የጣለው ጥጃና ግልገል ከተረፈ ይሰጠዋል።

ደምን የሚሰብር መኖም እንዳለ ባጭሩ ልጥቀስ። የጎመን ዘሮች ቅጠል ለብዙ ቀን ብቻውን በብዛት ሲበላ ቀይ ሴልን የሚያፈርስ ነገር በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ይፈጠራል፤ ብዙ ሽንኩርትም እንዲሁ ያደርጋል፣ በተለይ በከብት። የጓሮ ጎመን ትርፍ ለላም መስጠት ክፉ አይደለም፤ ከድርቆሽ ጋር ተቀላቅሎ፣ በጥቂቱ ይሁን።

ከፍታው ስንት ይጨምራል የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት ሆርሞኑን ያበዛል፣ ደም ይወፍራል የሚለው በአንዲስ ተራሮች ሰዎች ላይ ተረጋግጧል። የእኛ ደጋ ሰው ግን ከዚህ ይለያል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 ባሳተመችው ጥናት በሰሜን ተራራ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ በደማቸው የሚሸከሙት ኦክስጅንም አልጎደለም። ከብቶቻችንም ከዚህ ምድር ጋር ከኖሩ ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ የላቦራቶሪ ልክ ይዞ የጮቄን በግ መዳኘትም ሆነ «ደጋ ነውና ደሙ ወፍራም መሆን አለበት» ብሎ መጠበቅ ልክ አይደለም፤ የራሱ የአካባቢው ልክ ሊሠራለት ይገባል። ከፍታው በግልጽ የሚጎዳው ቶሎ እንዲያድግ የተዳቀለውን የሥጋ ዶሮ ነው። እድገቱ ኦክስጅን ይሻል፣ አየሩ ይነፍገዋል፣ ደሙ ይወፍራል፣ ልቡ ይደክማል፣ ሆዱም ውሃ ይቋጥራል። በላቲን አሜሪካ ደጋዎች ብዙ ዶሮ አርቢዎች በዚህ ከስረዋል። በደብረ ማርቆስ የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖውን በልክ አድርጎ እድገቱን ትንሽ ቢያዘገየው፣ ቤቱንም ከብርድ ቢጠብቅ ከሞት ያተርፋል።

የሚሠራው ነገር ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። ትሉ ዝናቡ ካቆመ በኋላና ዳግም ከመዝነቡ በፊት ይታከም፤ ጨፌው በበጋ ይታጨድ እንጂ እርጥቡ አይጋጥ፤ ጨው በየቤቱ አለና መዳብና ኮባልት ያለበት የማዕድን ጡብ ከተገኘ ይታከልበት። በየወረዳው ክሊኒክ ደም የምታሽከረክር ትንሽ ማሽንና ቀጭን የመስታወት ቱቦ ቢኖሩ፣ ከመርፌ በፊት የደሙን ልክ በደቂቃዎች ማወቅ ይቻላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የዋሸራ በግን ከጮቄ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ በየወሩ እየመረመሩ የአካባቢውን ልክ ቢሠሩ፣ ሐኪሞቻችን ከውጭ መጻሕፍት በተቀዳ ቁጥር መዳኘታቸው ይቀራል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የትል መድኃኒት ዘመቻ ሲያውጁ የመኖውን ነገር አብረው ያውጁ። በዚህ በጋ ፋጉሎ የሚገዛ ቤተሰብም መጀመሪያ ጡት ለጣለው ጥጃና ግልገል ይስጥ፤ ላሟና ሰንጋው ከእርሱ በኋላ ይምጡ።